ምዕራፍ ስድስት፦ ሰንበሌጥ፣ ጫፉን ከታች የደበቀ ሣር

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ከተማውን እንደለቀቀ ቁልቁል ወደ ሁምቦ ይወርዳል። የዳሞታ ተራራ ከጀርባ ይቀራል፤ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ቀኑ ከጠራ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ይህን መንገድ በጥቅምት መጨረሻ የሄደ ሰው በየዳገቱና በየዛፉ መካከል ቆሞ ነፋስ የሚያወዛውዘውን፣ ቀላ ያለ ዘለላ ያንጠለጠለውን ረጅም ሣር ሳያይ አያልፍም። ሰንበሌጥ ነው።

በአንዱ ጥቅምት እዚያ አካባቢ አንድ አዛውንት ሰንበሌጥ ሲያጭዱ ደርሼ ቆምኩ። በግራ እጃቸው አንድ ጭብጥ ይይዛሉ፤ በቀኛቸው ማጭዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ሸርተት ያደርጉታል፤ ጭብጡ ይነሳል። ከኋላቸው የቀረው መሬት የተላጨ ራስ ይመስል ነበር።

«አባቴ፣ እንዲህ ከሥሩ ሲያጭዱት አይሞትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሣር በማጭድ የሚሞት ቢሆን ይሄ ዳገት በአባቴ ዘመን ራቁቱን በቀረ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው በአጥሩ ጥግ የቆመች የአቮካዶ ችግኝ አሳዩኝ። «ይቺን ግን ፍየል አንድ ጊዜ ጫፏን ቀነጠበቻት። ሁለተኛ ክረምቷ ነው፤ ወደ ጎን ሰፋች እንጂ ወደ ላይ አልሄደችም።»

አንዱ ተክል አካሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ተቆርጦ ይነሳል፤ ሌላው አንዲት ለጋ ጫፍ አጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ቅርጹ ይቀየራል። ልዩነቱ የጥንካሬ አይደለም። ሰንበሌጥ ከአቮካዶ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ አልተረፈም። የተረፈው ማጭዱ ዋናውን ነገር ስላላገኘው ነው። ይህ ምዕራፍ ያ ዋና ነገር የት እንደተቀመጠ ይናገራል።

ቁመት የሚጨመረው የት ላይ ነው?

ሕፃን ልጅ ሲያድግ ሁለመናው ያድጋል፤ እጁም፣ እግሩም፣ ጣቱም ይረዝማል። ተክል እንዲህ አይደለም። የተክል አካል አብዛኛው አንዴ ከተሠራ መርዘሙን ያቆማል። አዲስ አካል የሚወጣው ከጥቂት የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ለእነዚህ ቦታዎች የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ «ማደጊያ» እያልን ስለመጣን በዚያው እንቀጥላለን። ማደጊያ ሴሎች እየተከፈሉ አዲስ አካል የሚሠሩበት፣ ብዙውን ጊዜ ከስፒል ራስ የማይበልጥ ለስላሳ ሥፍራ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመታውን ሚስማር ያስታውሳሉ። በደረታችን ቁመት የመታነው ሚስማር ዛፉ ሃያ ሜትር ሲሞላም እዚያው ደረታችን ላይ ነበር። ዛፉ የረዘመው ከጫፉ ነው፤ ልክ የድንጋይ ግንብ ሲሠራ አዲሱ ድንጋይ ሁልጊዜ ከላይ እንደሚደረበው። በዚህ ዓይነት ግንባታ ግንበኛው ያለው ከሁሉም በላይ ነው። ፍየል የአቮካዶዋን ጫፍ ስትቀነጥብ የወሰደችው ሁለት ቅጠል ብቻ አልነበረም፤ ግንበኛውን ነው የወሰደችው። ችግኟ ከጎኗ ሌሎች ግንበኞችን ቀስቅሳ ሥራውን ትቀጥላለች፤ ግን ግንቡ ወደታሰበበት አልሄደም።

ሣር ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። የሣር ግንበኛ የተቀመጠው ከመሠረቱ አጠገብ ነው። አዲሱን ድንጋይ ከታች ያስገባል፤ የቀድሞው ግንብ በሙሉ ወደ ላይ ይገፋል። በድንጋይ ቢሞከር ግንቡ ይናዳል፤ በሣር ግን ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ሸንኮራ አገዳውም፣ ቀርከሃውም የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። አራቱም ሣሮች ናቸው።

እንሶስላ የሞቀ ጥፍር

እንሶስላ የሞቀች ሴት ጥፍር አስተውለው ያውቃሉ? በመጀመሪያው ቀን ጥፍሩ ሁሉ ቀይ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ከሥጋው አጠገብ ያልተቀባ ቀጭን ነጭ ጨረቃ ብቅ ይላል። ቀዩ ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ በመጨረሻም በመቁረጫ ተቆርጦ ይወድቃል። ቀለሙ አልተራመደም። ጥፍሩ ከሥሩ እየተሠራ አሮጌውን ወደ ፊት ስለገፋው ነው። ጥፍራችንን በየሳምንቱ ብንቆርጠው ማደጉን የማያቆመውም ለዚሁ ነው፤ የምንቆርጠው አሮጌውን ነው፤ የሚሠራው ቦታ ከቆዳ ሥር ተደብቋል።

የሰንበሌጥ ቅጠልም እንደዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ማመን አያስፈልግም፣ በደጅዎ ባለ በማንኛውም ረዘም ያለ ሣር ሊያዩት ይችላሉ። ገና በመውጣት ላይ ያለ ለጋ ቅጠል ይምረጡ። በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ ከታች፣ ቅጠሉ ብቅ ካለበት አፍ አጠገብ፣ ሌላ ነጥብ ደግሞ ከጫፉ አጠገብ ያድርጉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሰው ይለኩ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም፤ የታችኛው ነጥብ ግን ከአፉ ርቆ ወደ ላይ ሄዷል። ከሁለቱ ነጥቦች በታች፣ ትናንት ያልነበረ ንጹሕ ቅጠል አለ። አሁን ጫፉን በመቀስ ይቁረጡት። ቅጠሉ መርዘሙን ይቀጥላል፤ ጫፉ ግን እንደተቆረጠ ዱልዱም ሆኖ ይወጣል። አዲስ ሹል ጫፍ አያበጅም፤ ጫፉ የመጀመሪያው ሥራ ስለነበረ ተመልሶ የሚሠራው የለም።

ለልጆች የዕፅዋትን ሳይንስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም። በወላይታ የገጠር ቤት ፊት ለፊት የሚዘረጋው ለምለም ደጅ፣ እንግዳ የሚቀመጥበትና ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሕግ የሚኖር ነው። ከብት ይግጠዋል፣ ሰው ይረግጠዋል፤ በማግሥቱ አረንጓዴ ነው። እዚያ ያለው በአብዛኛው ሰርዶና የሰርዶ ብጤ ነው፤ ሰርዶ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ሰንበሌጥ ግን በአንድ ቦታ ጉቶ ሠርቶ ወደ ላይ ይቆማል። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሚስጥራቸው አንድ ነው።

ግንድ የሚመስል ሰገባ

ባለፈው ምዕራፍ ስለ እንሰት ስናወራ ግንዱ ግንድ አለመሆኑን አይተናል። ያ ወፍራም ቋሚ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለለ የቅጠል ሰገባ ነው፤ እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ያለው አሚቾ ነው። በሰኔና በሐምሌ አንድ የሰንበሌጥ ቡቃያ ነቅለው ሽፋኑን በጥፍርዎ አንድ በአንድ ቢልጡ በእጅዎ ያለው ትንሽዬ እንሰት ነው። ውጭውን ቅጠል ሲገልጡ ሌላ ቅጠል፤ ያን ሲገልጡ ሌላ፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ነገር ሁሉ ሰገባ በሰገባ ሆኖ ያልቃል። በመጨረሻ፣ ከሥሩ ልክ በላይ፣ ነጣ ያለች ለስላሳ ነጥብ ትቀራለች። ያቺ ነጥብ የዚያ ቡቃያ ጫፍ ናት። ሣሩ ጉልበት ድረስ ቆሞ ሳለ ጫፉ ግን ከመሬት አልተነሳም።

ማጭዱም፣ የላም ጥርስም የሚያልፉት ከዚያች ነጥብ በላይ ነው።

ክረምቱ ሲያልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰንበሌጥ ሊያብብ ሲዘጋጅ ያቺ ነጥብ ቅጠል መሥራቷን ትታ ዘለላ መሥራት ትጀምራለች፤ ከሥሯ ያለው እውነተኛ አገዳም ይረዝማል። ይህን የሬዲዮ አንቴና ያስመስሉት። የታጠፈ አንቴና ውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ አሉ፤ ሲሳብ እያንዳንዱ ከሌላው ውስጥ ይወጣል። የሣር አገዳም አንጓዎቹን አስቀድሞ ደርድሮ ይዟቸዋል፤ ጊዜው ሲደርስ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ያለች ጠባብ ማደጊያ የራሷን ክፍል ታስረዝማለች። በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ስለሚረዝም ፍጥነቱ የሚያስገርም ነው። ከወላይታ ብዙም በማይርቀው በጨንቻ ደጋ ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩበት ቀርከሃ ከመሬት ሲወጣ ገና ከመጀመሪያው የአዋቂ ውፍረት ይዞ በጥቂት ወራት ሙሉ ቁመቱ ላይ የሚደርሰው በዚሁ አንቴና ነው።

በነፋስና በዝናብ የተኛ የጤፍ ማሳ ከቀናት በኋላ ከፊሉ ተመልሶ ቀና ሲል ያየ ገበሬም ያየው ይህንኑ ነው። አገዳው ሲጋደም አንጓው ላይ ያለው ክፍል የመሬትን ስበት ያውቃል፤ በታችኛው ጎኑ በኩል ይረዝምና ክርን እንደሚታጠፍ ሆኖ ራሱን ያነሳል።

አንቴናው ሲወጣ ጫፉም አብሮ ይወጣል። በዚያ ወቅት የሚያልፍ ማጭድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ነጥብ ያገኛታል። ያ አንድ አገዳ ከእንግዲህ አያድግም። ታዲያ ጉቶው ስለምን አይሞትም?

ሰው ያልፋል፣ እድር ይቀራል

አንድ የሰንበሌጥ ጉቶ አንድ ፍጡር ይመስላል እንጂ ውስጡ መንደር ነው። በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ሥር፣ ከመሬት አጠገብ፣ አንድ የተኛ እምቡጥ አለ። ዋናው ጫፍ በሕይወት እስካለ ድረስ ለእነዚህ እምቡጦች «ቆዩ» የሚል ኬሚካዊ መልእክት ወደ ታች ይልካል። ጫፉ ሲቆረጥ መልእክቱ ይቋረጣል፤ የተኙት ይነሳሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሥር፣ የራሱን ቅጠል፣ በኋላም የራሱን የተኙ እምቡጦች ያበጃል።

ይህን የወላይታ እንሰት ገበሬ ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም። ችግኝ ማፍላት ሲፈልግ ጎልማሳ እንሰት ቆርጦ ይጥላል፤ የአሚቾውን መሐል፣ ማለትም ጫፉ ያለበትን ልብ፣ ቆፍሮ ያወጣል፤ ከዚያ በአፈርና በፍግ ይቀብረዋል። ከጠርዙ ዙሪያ ብዙ ችግኞች ይፈላሉ። ልቡን ሳያወጣ ቢቀብረው አንዱ ብቻ ተነስቶ ሌሎቹን ባስተኛ ነበር። በሳይንስ መጻሕፍት ረጅም ስም የተሰጠው ይህ ሕግ በእንሰት ጓሮ ውስጥ ከስሙ በፊት የነበረ ዕውቀት ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

የሰንበሌጥ ዕድሜ ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ዓመታዊ ሣር ነው፤ ዘሩን ከሰጠ በኋላ ከነሥሩ ይሞታል። ሰንበሌጥ ባለብዙ ዓመት ነው እንላለን፤ ነገር ግን አንድ የሰንበሌጥ አገዳ ብቻውን ሲታይ ከጤፍ አይለይም። አንዴ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ይደርቃል። የማይሞተው ጉቶው ነው። እድርን ያስቡ። አባላት ያረጃሉ፣ ያልፋሉ፤ ልጆቻቸው በቦታቸው ይገባሉ፤ ድንኳኑና መዝገቡ ግን ይኖራሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበሩት አንድም ሰው ባይቀርም እድሩ ያው እድር ነው። ጉቶውም ዛሬ የያዘው አገዳ ሁሉ የቅርብ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ጉቶው ግን አሮጌ ነው።

የደሾ ሣርን ለምን በዘር እንደማንተክለውም አሁን ግልጽ ይሆናል። ከጨንቻ አካባቢ ተነስቶ ወላይታን ጨምሮ በብዙ ቦታ እርከን ለማጠናከርና ለከብት መኖ የተስፋፋው ደሾ የሚባዛው ጉቶውን በመገንጠል ነው። አንዱን ጉቶ ነቅለው ለብዙ ግንጣይ ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ግንጣይ ጥቂት ሥርና አንዲት የተደበቀች ጫፍ ይዞ ስለሚሄድ በአዲሱ እርከን ላይ ይነሳል። ረጅሙን ቅጠል አሳጥረው ቢተክሉት ምንም አይሆንም፤ ሥሩ አጠገብ ያለችው ነጥብ ከተጎዳች ግን ግንጣዩ ገለባ ነው።

ሰንበሌጥ ማን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ሰንበሌጥ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ሳይንስ ሃይፓሬኒያ ብሎ የሚጠራው የቅርብ ዘመዳሞች ስብስብ ነው። በዚህ ምዕራፍ በዓይነ ልቦናችን የያዝነው ሃይፓሬኒያ ሩፋ የተባለውን ነው፤ «ሩፋ» በላቲን ቀላ ያለ ማለት ነው፣ ለዘለላው መልክ የተሰጠ። «ሃይፓሬኒያ» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ከታች ወንድ» እንደማለት ነው፤ በዘለላው ግርጌ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አበቦች ዘር የማይሰጡ ስለሆኑ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሰባተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለሣሮች የተሰጠ ነው፤ ሲልቪያ ፊሊፕስ ያዘጋጀችው ይህ ቅጽ በ1995 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሰንበሌጥን ከዘመዶቹ መለየት የሚፈልግ ሰው መነሻው ያ ነው።

ሃይፓሬኒያ ሩፋ የአፍሪካ ልጅ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ከገባ በኋላ ብራዚላውያን ጃራጉዋ ብለው ጠሩት፤ ለከብት መኖ ተብሎ ተዘራ፤ ከዚያም በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የአገሩን ሣር እየገፋ ያስቸገረ ሆነ። ጠላቶቹ ማጭድ፣ ጥርስና እሳት በሆኑበት አህጉር የተገራ ተክል እነዚህን ባልለመዱ ዕፅዋት መካከል ሲገባ ያሸነፈው በዚያው በታች በተደበቀው ጫፍ ነው።

ዘሩም ቢሆን ወደ ታች የሚሄድበት የራሱ ብልሃት አለው። እያንዳንዱ ዘር ረጅም፣ የተጠማዘዘና መሐሉ ላይ የታጠፈ ጭራ አለው። ጭራው ሲረጥብ ይፍታታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጠመዘዛል። የጠዋት ጤዛና የቀትር ፀሐይ በተፈራረቁ ቁጥር ዘሩ እንደ ብሎን ይዞርና ሹል ግርጌውን ወደ አፈር ስንጥቅ ያስገባል። በልብስዎ ላይ የተሰካውን የሰንበሌጥ ዘር በምራቅ አርጥበው መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ራሱን ሲያዞር ያዩታል።

እሳት፣ ከብትና ጎተራ

በብዙ የአገራችን ቆላማ ቦታዎች በበጋ ማብቂያ የደረቀ ሣር ይቃጠላል። ነበልባሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ያየ ሰው ከእንግዲህ እዚያ ምንም አይበቅልም ይላል። ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ግን ጥቁሩ መሬት ላይ አረንጓዴ መርፌ ይሰካካል። የሣር እሳት በፍጥነት ያልፋል፤ ዋናው ሙቀትም ወደ ላይ ይወጣል። ጣትዎን በጧፍ ነበልባል ውስጥ ፈጠን አድርገው ቢያሳልፉ አይቃጠሉም፤ አፈሩም እንዲሁ ነው፣ ጥቂት ጣት ወደ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ብዙ አይደርስም። ጫፏ ደግሞ በእርጥብ ሰገባዎች ተጠቅልላ ከአፈሩ ጋር ተሸጉጣለች። በዚያው እሳት ውስጥ ያለች የዛፍ ችግኝ ግን ጫፏ ነበልባሉ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ናት።

እሳት ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ከብት ግን በየቀኑ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የሰንበሌጥ ብልሃት ወሰን አለው። አዲስ ቅጠል ከምንም አይሠራም። ጉቶው በጥሩ ጊዜ ያጠራቀመውን ስኳርና ስታርች በአገዳው ግርጌና በሥሩ ያስቀምጣል፤ ጎተራው ያ ነው። ሲታጨድ ከጎተራው አውጥቶ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ይሠራል፤ ቅጠሎቹ ፀሐይ ሲያገኙ የተበደረውን ይመልሳሉ። ብድሩ ሳይመለስ እንደገና ከተጋጠ ሁለተኛ ይበደራል፤ ሦስተኛ ይበደራል። ከላይ የምናየው ሣሩ አጠረ ብቻ ነው። ከታች ግን ሥሩ መመገቢያ አጥቶ ወደ ኋላ ይሞታል፤ ጥልቁን እርጥበት የሚያገኘው ሥር መጀመሪያ ይጠፋል፤ ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ ጉቶው ይነቀላል፤ ዳገቱ ላይ የነበረው አፈር ከጎርፍ ጋር ይሄዳል። ሣር በአንድ ማጭድ አይሞትም ያሉት አዛውንት ትክክል ናቸው፤ ፋታ በማጣት ግን ይሞታል። የሕዝቡ ጥግግት ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ በሆነበት በወላይታ፣ የግጦሽ መሬት በጠበበ ቁጥር ሣሩ የሚያጣው ይህንኑ ፋታ ነው።

ሁምቦ፦ ዛፉም ከታች ሲነሳ

ለሣር ፋታ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሁምቦ የተራቆተውን ተራራ ለማዳን በ2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ነዋሪዎች 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ተረከቡ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ በዚያ ሥርዓት በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ።

ለእኛ ምዕራፍ የሚጠቅመው ግን ደኑ የተነሳበት መንገድ ነው። የአብዛኛው ቦታ ዛፍ በችግኝ አልተተከለም። ከተቆረጡት ዛፎች ብዙዎቹ ጉቶአቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበር፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፣ በየዓመቱ ከብት ይበላቸዋል፣ ማገዶ ለቃሚ ይቆርጣቸዋል። ሰዎች ከብቱን አስወጥተው፣ ከየጉቶው ጥሩ ጥሩውን ቁጥቋጦ መርጠው ሌላውን ሲገርዙ ዛፉ ተነሳ። ዘዴውን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

ስለዚህ ዛፍም የተደበቀ እምቡጥ አለው። ልዩነቱ ዛፍ ይህን የሚጠቀምበት ጉዳት ሲደርስበት መሆኑ ነው፤ ለሣር ግን የዘወትር ኑሮው ነው። በተከለለው መሬት ላይ ሁለቱም አብረው ተነሱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሣሩ ቀደመ፤ ነዋሪዎቹም ከብት ሳያስገቡ በማጭድ አጭደው፣ በሸክም አውጥተው ወደየቤታቸው ወሰዱት። ይህ አጭዶ የመውሰድ ልማድ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ለሣሩ ግን ትልቅ ነው። ላም ተመልሳ የምትግጠው ትናንት የበቀለውን ለጋ ነው፤ አጫጅ ግን ብድሩ እስኪመለስ ይጠብቃል።

ዛፎቹ ሲገጥሙ ሌላ ጉዳይ መጣ። ሰንበሌጥ እንደ በቆሎ፣ እንደ ማሽላና እንደ ጤፍ ብርቱ ፀሐይ የሚወድ ሣር ነው፤ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል፣ ጥላ ሲውጠው ጎተራውን መሙላት ያቅተዋል። በተራራቁ ዛፎች መካከል ያምርበታል፤ ቅጠሉ በተጋጠመ ደን ሥር ግን እየሳሳ ይሄድና ቦታውን ጥላ ለሚችሉ ሌሎች ሣሮች ይለቃል። ዛፍ መግረዝና ማሳሳት ለማገዶና ለቋሚ ብቻ አይደለም፤ ለሣሩም ብርሃን መክፈት ነው። ደንና ሣር ተቀናቃኝ ናቸው የሚሉ አሉ፤ በእኔ ግምት ተቀናቃኝ የሚያደርጋቸው የእኛ ቸልታ ነው።

ማጭዱ የት ይለፍ?

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። እሳቸው በዚያ ቀን ያጭዱ የነበረው ለከብት አልነበረም፤ ለቤት ክዳን ነው። ሰንበሌጥ ካበበ በኋላ አገዳው ይጠነክራል፤ የመስተዋት ዘመድ የሆነው ሲሊካ በአካሉ ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ የሚቆርጠውም እሱ ነው። ከብት ያን ጊዜ ይጠላዋል፤ ምግቡ አልቆ ጭረቱ ብቻ ቀርቷልና። ለመኖ ያበላሸው ያው ጥንካሬ ግን ለክዳን ይፈለጋል፤ ዝናብ ያንሸራትታል፣ ቶሎ አይበሰብስም። ትልቁ የወላይታ የሣር ቤት ለትውልዶች የተከደነው በእንዲህ ያለ ሣር ነው።

ለክዳን በዚያ ወቅት ማጨድ ሣሩን የማይጎዳውም በምክንያት ነው። አገዳው ዘሩን ሰጥቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ጎተራው ሞልቷል፤ ቀጣዮቹ እምቡጦች ከሥር ተኝተው ዝናብ ይጠብቃሉ። ለመኖ የሚታጨደው ግን ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ብድርና ክፍያ በሚፈራረቅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ደሾ ወይም ሰንበሌጥ ያለዎት አንባቢ፣ ለከብትዎ ሲያጭዱ ከመሬት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ጉቶ ያስቀሩ። እዚያ አራት ጣት ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ስፒል ራስ የምታህለው ጫፍና እሷን የሚቀልበው ጎተራ። ከዚያ ቅጠሉ ሙሉ ቁመቱን እስኪመልስ ድረስ ማጭዱንም ከብቱንም ያቆዩ።